ልጅዎ አሜሪካ ሃይስኩል ሲማር፦ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ሥራ እንዴት ይገባል? ከኦገስት እስከ ጁን

አገር ቤት ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ያልተጠራ ወላጅም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አሜሪካ ይህ ስሌት አያዋጣም። ሳይጠሩ መሄድ የወላጅ ድርሻ ነው፤ መምህሩን አምኖ ዝም ያለ ወላጅ ግድ የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን ያዘጋጀነው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ልጅ ኖሯቸው በሺፍት ለሚሠሩ ወላጆች ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ዝርዝሩን ከራሳችሁ ትምህርት ቤት እያመሳከራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። የእኛ ሰው በትምህርት ቤት የሚታወቀው በባህል ቀን በሚያቀርበው እንጀራና ቡና ነው። ደስ ይላል፣ ስለ እሱም ከታች በደንብ ጽፈናል። ነገር ግን ልጅዎ የትኛውን ሒሳብ እንደሚወስድ፣ የወላጆች ማኅበር ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል፣ በስብሰባ አስተርጓሚ ይኑር አይኑር የሚወሰነው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። በዓመት ያለዎት ትርፍ ጊዜ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ ምግቡን ለሌላ ሰው ትተው ስብሰባው ላይ ይገኙ።

1. መዝገቡን ማስተካከል (ኦገስት)

ትምህርት ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዘው ኦፊስ ይሂዱ። መጀመሪያ የሚያዩት ስልክና ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ነው። በብዙ ቤት የምዝገባውን ፎርም የሞላው እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ ነው፤ «የወላጅ ኢሜይል» በሚለው ቦታ የራሱን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ «ልጅዎ ዛሬ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ አልነበረም» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ለልጁ ለራሱ ነው። ስልክ በቀየሩ ቁጥርም ኦፊሱ እንዲያውቅ ያድርጉ፤ አውቶማቲክ ጥሪው አሮጌውን ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ሲደውልለት ሊከርም ይችላል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ፎርሙ ላይ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋና ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር የሚገናኝበት ቋንቋ ለየብቻ ይጠየቃሉ። አንዳንድ ወላጅ «አማርኛ ካልኩ ልጄን የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍል ያስገቡብኛል» ብሎ ሁለቱንም «እንግሊዝኛ» ይላል። ልጁን ለቋንቋ ፈተና የሚያስጠራው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ለእሱ እውነቱን ይመልሱ። ሁለተኛው የሚመለከተው እርስዎን ብቻ ስለሆነ አማርኛ ቢሉ ልጁ ላይ የሚመጣ ነገር የለም።

ሦስተኛው ስም ነው፤ የእኛን ሰው ከማንም በላይ የሚያደናቅፈው ይኸኛው ነው። እናት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ልጁ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይይዛል፤ ላስት ኔማቸው አይገናኝም። ፀሐፊዋ በላስት ኔም ፈልጋ ስታጣዎት «መዝገብ ላይ የሉም» ትልዎታለች። ስምዎ በመንጃ ፈቃዱ ወይም በፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል፣ ልክ እንደዚያው፣ በልጁ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ከተለየ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። ቆይቶ የበጎ ፈቃድ ማጣሪያውም፣ የኮሌጅ ርዳታ ማመልከቻውም የሚቆሙት እዚሁ ላይ ነው።

ከዚያ የራስዎን የኦንላይን አካውንት ያስከፍቱ። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪና የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲዎች ፓረንትቪው የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ መክፈቻ ቁጥሩ ከትምህርት ቤቱ ይሰጣል። በልጅዎ ፓስወርድ መግባት አይበቃም፤ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቁ ፎርሞች የሚመጡት በወላጅ አካውንት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰኞና ሐሙስ ቢሆን፣ ቀሪና ያልገባ የቤት ሥራ መኖሩን ይዩ። በየቀኑ እየከፈቱ በእያንዳንዱ ነጥብ መጨቃጨቅ ቤቱን ያውካል፤ መምህራኑም ቢሆኑ ነጥብ የሚያስገቡት በየዕለቱ አይደለም።

2. ለየትኛው ጉዳይ ወደ ማን

ሁሉንም ነገር ይዞ ወደ ርዕሰ መምህሩ መሄድ የእኛ ልማድ ነው። እዚህ በቀናት ያዘገይዎታል። የአንድ ትምህርት ውጤት ከሆነ ለመምህሩ በኢሜይል ይጻፉ። የትምህርት ምርጫ፣ የመመረቂያ ክሬዲት፣ ጭንቀትና የጓደኛ ችግር ካውንስለሩን ይመለከታል፤ ካውንስለር ብዙ ቦታ የሚመደበው በላስት ኔም ፊደል ወይም በክፍል ደረጃ ነው። ቀሪ ከሆነ አቴንዳንስ ፀሐፊዋ። መምህሩ በሁለት ሦስት የሥራ ቀን ካልመለሰ አንድ ጊዜ ያስታውሱት፤ አሁንም ዝም ካለ ያኔ የበላዩን ኮፒ ያድርጉ።

3. አስተርጓሚ

ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱንም ቢሆን። የሚተረጎመው ስለ ራሱ ነውና ያለሰልሰዋል፣ የከበደውን ይዘለዋል፤ ሳያስበው የቤቱ አለቃም ይሆናል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 በብሔራዊ ማንነት ምክንያት የሚደረግን መድልዎ ስለሚከለክል፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ አስፈላጊውን መረጃ የማድረስ ግዴታ አለባቸው። ለወላጅ አገልግሎቱ በነፃ ነው።

ቀጠሮው ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት ይደውሉና ይህችን ብቻ ይበሉ፦ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ።» ሰው ካልተገኘ በስልክ የሚያስተረጉም አለ። ሲያወሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብለው ቆም ይበሉ። አስተርጓሚው የእርስዎን ረጅም ንግግር በሦስት ቃል ከጨረሰው «ሁሉንም ይንገሩልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚቀልዎት ከሆነም ቋንቋውን በስሙ ይጥሩ፤ «ኢትዮጵያዊ» ብቻ ካሉ የሚመጣው አማርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል።

በሴፕቴምበር ባክ ቱ ስኩል ናይት የሚባለው ምሽት አለ። ወላጅ የልጁን ፕሮግራም ይዞ በየክፍሉ አሥር ደቂቃ ያህል ይዞራል። ስለ ልጅዎ ብቻ የሚያወሩበት ምሽት አይደለም፤ ከኋላዎ 30 ወላጅ ቆሟል። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ውጤቱ ከምን ከምን ይሰላል፣ ፈተናው ስንት እጁን ይይዛል? ለልጅዎ ጉዳይ ለብቻ ቀጠሮ ይያዙ።

4. የበጎ ፈቃድ ማጣሪያ

ፈቃደኛ መሆን ብቻ አያስገባም። ደንቡ በየዲስትሪክቱ ይለያያል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምሳሌ በመደበኛነት የሚያግዝና በጉዞ ላይ ልጆችን የሚያጅብ ወላጅ በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ስለ መለየትና ስለ ማሳወቅ የኦንላይን ሥልጠና እንዲወስድ ይጠይቃል፤ አዳር ላለበት ጉዞ ደግሞ አሻራ ይጨመራል። ከመጀመሪያው ሥራዎ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩ። ሥልጠናውን ሲጨርሱ የሚወጣውን ሰርተፍኬት ስልክዎ ላይ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡና የሚያበቃበትን ቀን ይጻፉ።

ሰዉ የሚቆምባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ ቅድም ያልነው የስም አለመገጣጠም ነው። ሌላው መታወቂያ ነው፤ በር ላይ ያለው ማሽን መንጃ ፈቃድ ስካን ያደርጋል፤ ከሌለዎት ፓስፖርት ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ። ሦስተኛው ደግሞ ታናሽ ልጅ ይዞ መምጣት ነው፤ በሥራ ሰዓት ሕፃን ይዞ መግባት ብዙ ቦታ አይፈቀድም።

5. ከሺፍትዎ ጋር የሚሄድ ሥራ መምረጥ

«ምን ላግዝ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ መልስ አያመጣም፤ «እንደውልልዎታለን» ይሉዎታል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ሥራ፣ ቀንና ሰዓት ለይተው ይቅረቡ፦ «ማክሰኞ ጠዋት ከ9 እስከ 11 ሰዓት የኮሌጅና ካሪየር ክፍሉ ውስጥ ማገዝ እችላለሁ።» በእንግሊዝኛ አቆጣጠር መሆኑን ራስዎ ያረጋግጡ፤ በእኛ ሰዓት ቆጥሮ የቀረ ወላጅ አለ።

ሌሊት ሠርተው ጠዋት የሚወጡ ከሆነ የጠዋቱ ሥራ ይመችዎታል፦ የመጻሕፍት ቤት ሥራ፣ የካሪየር ክፍሉ፣ በሜይ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የኤፒ ፈተና (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና) ሲሰጥ ኮሪደር መጠበቅ። ልጅዎ የሚፈተንበት ክፍል ግን አይመደቡ። ቀን የሚሠሩ ከሆነ የዓርብ ማታ የአሜሪካ ፉትቦል ወይም የባስኬትቦል ጨዋታ ላይ መክሰስ መሸጥ አለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛ ችሎታም ብዙ አይጠይቅም፤ ከሌሎች ወላጆች ጋር ለመተዋወቅም ከስብሰባ የበለጠ ይቀላል። አናጺነት፣ ኤሌክትሪክ ወይም ስፌት የሚችል ሰው ለትምህርት ቤቱ ቴያትር መድረክና ልብስ በጣም ይፈለጋል። ይህን የሚያውቅ ወላጅ በእኛ መካከል ሞልቷል፣ ግን የሚጠይቀው የለም።

ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዱ ወላጆች «ልጆቹን እኔ ላድርሳቸው» ማለት ይቀናቸዋል። በጽሑፍ ሳይፈቀድ የሰው ልጅ አይጫኑ። ዲስትሪክቱ የራሱ የኢንሹራንስ ደንብ አለው፤ የእርስዎም ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን ጉዞ ላይሸፍን ይችላል።

ትርጉም ደግሞ ቤት ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው። የስብሰባ ጥሪ፣ የቀን ለውጥ፣ የክለብ ማስታወቂያ ተርጉሙ፤ አንዱ ሲተረጉም ሌላው ያንብብ፣ ቀንና ሰዓቱን ሁለቴ ያመሳክር። የቅጣት ደብዳቤ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድና ፊርማ የሚጠይቅ ሰነድ ግን እንዳትነኩ። እነሱን ማስተርጎም የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው፤ አንድ ቃል ቢሳሳት የሚጎዳው ልጁ ነው።

ፈቃድ ለሚቸግራችሁ፦ የዲሲ ሕግ ዲሲ ውስጥ ለሚሠራ ወላጅ በ12 ወር ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ለልጁ የትምህርት ቤት ጉዳይ ፈቃድ ይሰጣል። ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ለአለቃ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የራስዎን የዕረፍት ቀን ካልተጠቀሙ ክፍያ ላይኖረው ይችላል። ካሊፎርኒያ 25ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት በዓመት እስከ 40 ሰዓት ትፈቅዳለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የ16 ዓመት ልጅ እናቱ ኮሪደር ላይ ስትቆም ያፍራል። ቅር አይበልዎት። የት እንዳይመደቡ እንደሚፈልግ ይጠይቁትና ያንን ቦታ ይተዉለት።

6. የባህል ቀን ጠረጴዛ

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ቤት የተሠራ ምግብ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት የሚቀበለው ከፈቃድ ካለው ሬስቶራንት የመጣ ወይም የታሸገ ብቻ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ሦስት ድስት ወጥ ይዞ በር ላይ መመለስ አለ።

ለ100 ሰው ቅምሻ 15 እንጀራ ይበቃል፤ አንዱን ለስምንት ይቁረጡት። ከ1 ኪሎ ምስር ክክ ሦስት ሊትር ገደማ ወጥ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። ትኩሱ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለት ከ135 ፋራናይት፣ እንዳይወርድ፣ ሰላጣና አይብ ከ5 ዲግሪ እንዳይበልጥ። ስሎው ኩከር የሞቀውን ይጠብቃል እንጂ ከፍሪጅ የወጣውን ቶሎ አያሞቅም፤ ወጡን ቤት አፍልተው ይጨምሩበት።

እያንዳንዱ ምግብ ፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የይዘት ካርድ ይኑር። ትልቁ ስህተት «እንጀራ ግሉተን የለውም» ማለት ነው። ንጹሕ ጤፍ የለውም፤ እዚህ አገር የሚሸጠው ብዙው ግን ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ፓኬቱን አንብቡ፣ ካላወቃችሁ «ስንዴ ሊኖረው ይችላል» በሉ። ሰሊጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ምግብ ነው፤ ቆሎ ውስጥ ሱፍና ኦቾሎኒ ካለም ይጻፍ። ቅቤ የገባበት ወጥ ወተት እንደያዘ ይቆጠራል፤ የጾሙንና የፍስኩን ማንኪያ አታቀላቅሉ።

ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ኑ። አዳራሽ ውስጥ መቁላት፣ ከሰልና ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮሃሉ፤ ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪናም ይመጣል። ለ60 ስኒ 250 ግራም የተቆላ ቡናና 4 ሊትር ውሃ ይበቃል። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ለማሳያ ይቀመጥ፣ የሚቀዳው ከፔርሙዝ ይሁን። ለተማሪ ቡና መስጠት ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሬከቦቱ ዙሪያ ገመዱን በቴፕ ለጥፉት፣ ሰው ይጠለፍበታል።

7. ፒቲኤስኤ

የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ማኅበር ነው፤ ብሔራዊው ፒቲኤ የተመሠረተው በ1897 ነው። ዕድር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም፦ ሰብሳቢ፣ ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና መዋጮ አለው። ዕድር ውስጥ የቀረ ይቀጣል፤ እዚህ በቀረው ላይ ይወሰንበታል። የዓመት መዋጮ ሳይከፍሉ መስማት ይቻላል፣ ድምፅ መስጠት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ በሴፕቴምበር ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ።

አንድ ነገር እንዲወሰን ከፈለጉ ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ለሰብሳቢው ይጻፉና አጀንዳ ያስይዙ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ተረስተዋል» ቢሉ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። «የጃንዋሪው የትምህርት ምርጫ ስብሰባ በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲካሄድ፣ ጥሪውም በአማርኛ እንዲላክ» ካሉ ግን የሚወሰን ነገር አቀረቡ። አንዱ ሐሳቡን ያቀርባል፣ ሌላው «ሰከንድ» ይላል፣ ከዚያ ይመረጣል። «ሰከንድ» የሚልልዎት ሰው ከሌለ ሐሳቡ ይወድቃል፤ ብቻዎን አይሂዱ፣ አንድ ሌላ አባል ይዘው ይሂዱ።

ገንዘብ ሲሰበሰብ ሁለት ሰው አብረው ይቆጥሩ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ጥሬ ገንዘብ ለአንድ ሌሊትም ቤት አይደር። «እኔ ከኪሴ ልክፈልና በኋላ እንተሳሰባለን» የሚለው የእኛ ልማድ ደረሰኝ ከሌለው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሐሜት የሚጀመረውም እዚህ ነው።

ትምህርት ቤቱ ታይትል ዋን ከሆነ፣ ማለትም ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚመደብ የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ፣ በየዓመቱ ወላጆችን ጠርቶ ፕሮግራሙን የማስረዳትና የወላጅ ተሳትፎ ደንቡን በጽሑፍ የማውጣት ግዴታ አለበት። ለስብሰባ መጓጓዣና ሕፃን መጠበቂያ ከዚያ ገንዘብ መክፈልም ሕጉ ይፈቅዳል። ማንም ስለማይነግራችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

8. የአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ቡድን

በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ከ10 እስከ 15 ሰው በቂ ጅምር ነው። ቡድኑ ለትምህርት ቤቱ ቀንና ማስታወቂያ ብቻ ይሁን፤ ፖለቲካ፣ የመዋጮ ጥሪና የበዓል ቪዲዮ ከገባበት በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ድምፁን ያጠፋዋል። የማንም ልጅ ስም፣ ውጤትና ፎቶ አይለጠፍ። ኦፊስ ውስጥ የሚያግዝ ወላጅ ማን እንደተቀጣ፣ ማን እያለቀሰ እንደወጣ ያያል፤ ያንን ቤቱም ቢሆን አያወራ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ከልጁ ቀድሞ ይደርሳል። ልጆቻችን ሐበሻ ወላጅ ትምህርት ቤታቸው እንዳይመጣ የሚለምኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

9. እንዳያልፉ የሚያስፈልጉ ቀኖች

ኦክቶበር ላይ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ለኮሌጅ ርዳታ ማመልከቻው፣ ለፋፍሳ፣ የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ ልጁም የራሱን። በፋፍሳ ምሽት የሚያግዝ በጎ ፈቃደኛ የሰው ፓስወርድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በእጁ አይጻፍ፣ ባለቤቱ ራሱ ይጻፍ።

ከጃንዋሪ እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ይመረጣል። በዓመቱ አንድ ቀን ብቻ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይምረጡ። 9ኛ ክፍል የተወሰደው ሒሳብ 12ኛ ላይ ካልኩለስ መድረስና አለመድረስን ይወስናል። ካውንስለሩን «ልጄ ከዚህ ከፍ ያለውን እንዳይወስድ የሚከለክለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

የተማሪው የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት ደግሞ የራሱ ነው፤ የእርስዎ በጎ ፈቃድ አይቆጠርለትም። ለመመረቅ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 75 ሰዓት፣ ዲሲ 100 ሰዓት ይጠይቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሄዶ ማገልገል ሃይማኖታዊ ይዘት ካለው ላይቆጠር ይችላል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ አስተባባሪውን ይጠይቁ። ዲሴምበር ላይ ሠርቶ ሜይ ላይ ፎርም የሚፈልግ ልጅ ፈራሚውን አያገኘውም፤ ፎርሙ በሠራበት ሳምንት ይፈረም።

ልጁ 18 ዓመት የሞላው ቀን የትምህርት መዝገቡን የማየት መብት በፌደራል ሕግ ወደ ራሱ ይዞራል። ዘግይተው ከአገር ቤት መጥተው 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል የገቡ ልጆች ብዙዎቹ እዚያው እያሉ 18 ይሞላቸዋል። በታክስ ላይ ጥገኛ አድርገው ካስመዘገቡት ትምህርት ቤቱ መዝገቡን ሊያሳይዎት ይችላል፣ ግን አይገደድም፤ ከልደቱ በፊት ልጁ የፈቃድ ወረቀት እንዲፈርም አድርጉና ኮፒውን ኦፊስ አስገቡ።

10. ማስረከብ (ጁን)

ቡድኑን የሚመራው ወላጅ ልጅ ብዙ ጊዜ 12ኛ ክፍል ነው፤ ሲመረቅ ወላጁም አብሮ ይጠፋል፣ ቡድኑም ይበተናል። ስለዚህ ከሜይ ጀምሮ የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ወላጅ ከጎናችሁ አስቀምጡ። የቡድኑን አስተዳዳሪነት፣ የተተረጎሙትን ማስታወቂያዎች፣ የአስተርጓሚ ቢሮውን ስልክ፣ ኤሌክትሪክ ምድጃውንና ፔርሙዞቹን ከነቁጥራቸው አስረክቡ። በዓመቱ የትኛው ኢሜይል መልስ እንዳገኘና የትኛው እንዳላገኘ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ጨምሩበት።